ጳጉሜ አንድ፣ ሞላሌ

ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጉሙ ከደጅ ቆሟል፣
የቤተ መጻሕፍቱ ጣራ ሌሊቱን ሲያፏጭ አድሯል።
አሥራ አንድ ልጆች መጡ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ፣
አንዱ ባና ደርቦ፣ የአንዷ ጫማ ጭቃ ሞልቶ።
«ዘንድሮ» አልኳቸው «ፀሐይና መልአክ ብቻ አንሥልም፤
የሌላ አገር ልጅ ለጸደዩ ምን እንደሚሠራ አናውቅም።»
ዘረጋሁ ከጠረጴዛው ላይ ያን አሮጌ መጽሔት፣
ሽፋኑን አይጥ የቀመሰው፣ መሐሉን የነካው እርጥበት።

መጀመሪያ የጃፓን ዓሣ፦
ገላው የማዳበሪያ ጆንያ፣ ብሩሻችን ጭራሮና ጓሳ።
አፉን በሽቦ ከፍተን ባሕር ዛፍ ጫፍ ሰቀልነው፣
የሞላሌ ነፋስ ገባበት፤ ሆዱን እንደ ሰርገኛ ነፋው።
ጅራቱ ሲወራጭ ትንቢት ጮኸች፦ «ውሃው የታለ?»
ምንተስኖት ወደ ጉሙ እያየ «ይኸው አይደል?» አለ።

የፋርስ ሰዎች ለበዓላቸው ስንዴ በሳህን ያበቅላሉ፣
ብዬ ሳነብ፣ ልጆቹ ተያይተው በሣቅ ፈነዱ ሁሉ።
«ማሳ የላቸውም እንዴ?» ትንቢት አዘነችላቸው።
ያን ሥራ ዘለልነው፤ ገብሱ ደጃችን ደርሷል፣ ምን ልበላቸው?

ቀጥሎ የቡልጋሪያ ክር፤
ነጭና ቀይ የሚገመድ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር።
ነጩን ወይዘሮ እጅጋየሁ ሰጡን፣ ከሚፈትሉት የበግ ጠጉር።
ቀዩ ግን ከየት ይምጣ? ዝም አልን ለጥቂት፣
ማንያህልሻል ተረተረች የሹራቧን እጅጌ ድንገት።
(እናቷ ኋላ መጥታ የተናገረችኝን አልጽፍም፤
እውነቷን ነው፤ ያ እጅጌ አሁን ክርኗ እንኳ አይደርስም።)

ክሩ የሚፈታው፣ ይላል፣ ሽመላ የታየ ቀን ነው፣
በመጋቢት መሆኑ ነው፣ በረዶው ሲለቃቸው።
እዚህ ላይ ንባቤን አቆምኩ።
ሽመላ? ከልጅነቴ ጀምሮ በመስከረም የማየው፣
ከማሳው መሐል እንደ ዳኛ የሚንጎራደደው?
ከእኛ ሲነሣ ነዋ ለነሱ ጸደይ የሚሆነው፤
ከነሱ ሲነሣ ደግሞ ለእኛ መስቀል የሚጠባው።
ለልጆቹ ይህን ስነግር ማንም አልተደነቀ፤
«ሁለት ቤት አለዋ» አለ አንዱ፣ ጣቱ በሙጫ እንደተጣበቀ።

በመጨረሻ እንቁላል ነበር፣ በዩክሬን ልጆች አሣሣል፤
በሰም ይጻፍበትና ቀለም ውስጥ ይነከራል።
መጽሔቱ ያዛል፦ «በመርፌ ሁለት ጫፉን ብሱት፣
ውስጡን እፍ ብላችሁ አውጡ፣ ቅርፊቱን ብቻ አስቀሩት።»
ወንድይፍራው የሱን እንቁላል ከአባቱ ካልሲ አወጣ፣
ጭድ ጎዝጉዞለት ነበር፣ እንዳይሰበር ሲመጣ።
መርፌውን አየ፤ እኔን አየ፤ እንቁላሉን ወደ ጆሮው አስጠጋ፤
«ቲቸር» አለኝ «ባለቤቱ ቢኖርስ? እንዴት ብዬ ልውጋ?»

ሣቁበት። እኔ አልሣቅሁም። «እንግዲያው ተወው» አልኩት።
ሌሎቹ ቅርፊታቸውን ጧፍ እያንጠባጠቡ ሣሉት።
እሱ ከእኅቱ በወሰዳት እንሶስላ፣ በቀጭኑ፣ አንድ አደይ ሣለና፣
ካልሲው ውስጥ መልሶ ከተታት፤ ሄደ በጭቃው ጎዳና።

ለእንቁጣጣሽ ሠፈሩን ዞሩ፣ ሥዕልና ክር ይዘው፤
የቀበሌው ጸሐፊ እንኳ አሰሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው።
ሦስት እንቁላል ተሰበረ፤ ዓሣው በሌሊት ነፋስ ሄደ፣
ጅራቱን ቄስ አጥናፉ ከአጥራቸው አገኙት፣ እንደተቀደደ።

መስከረም አሥራ ስድስት። ደመራው ሊለኮስ ጥቂት ቀርቶታል፣
ወንድይፍራው ሲሮጥ መጣ፤ ካልሲው ጭው ጭው ይላል።
«ያን ማታ ነው» አለኝ «የታቀፈችው ዶሮ ሥር የከተትኩት፤
ሃያ አንድ ቀን ቆጠርኩ፣ በሩ ላይ በከሰል እያሰመርኩት።»
ከኪሱ ቅርፊቱን አወጣ፤ ከሁለት ተከፍሏል፣
የእንሶስላው አደይ አበባ ከመሐሉ ተሰንጥቋል።
«ሥዕሉን አበላሸብኝ» አለ፤ ግን ፊቱ አላዘነም።
ጫጩቱም ስለ ሥዕል የሚጨነቅ አልመሰለኝም።

ችቦው ተለኮሰ። አገሩ ሁሉ «ኢዮሃ» አለ።
የእኔ ክር ገና አልተፈታም፤ ሽመላው መንገድ ላይ አለ።